የጉሬዛው ካባ

አንደበትን ለመናገር፣ ጆሮን ለመስማት የፈጠረ አምላክ ስሙ ይመስገን፤ የዘነጋሁትን እርሱ ያስታውሰኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ አስኮ ዳር ካለች ቤተ ክርስቲያን ሥር፣ ከየኔታ ጎጆ እንማር ነበር። ያኔ ቀኑ የንባብ፣ ምሽቱ የቃል ትምህርት ነበረና፣ ጨለማው ሲወርድ ፍሙን ከብበን የሚሉትን እየተቀበልን በቃላችን እንይዛለን። ትምህርቱ ሲያበቃ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ኩራዙም ሊጠፋ እየተንቀጠቀጠ፣ የኔታ አንድ ተረት ይነግሩናል። ሰምቶ መተው ግን አልነበረም፤ በማግስቱ ምሽት ከመካከላችን አንዱ አንዲት ቃል ሳይጥል ይመልሰዋል። ከጣለ «ልጄ፣ ግማሹን መንገድ ላይ አፍስሰኸዋል» ይሉና እንደገና ያስጀምሩታል።

ከሁሉ የምወደው የጉሬዛው ነበር። አራዊት በምድር ላይ ስለ ምግብ ሲናከሱ፣ ጉሬዛ «ከመናከስ ቅጠል ይበቃኛል» ብሎ ዛፍ ላይ መነኮሰ፤ እግዚአብሔርም ነጭ ካባ ደረበለት። ነገር ግን የተዋቸው ወንድሞቹ ናፍቆት እያስጨነቀው፣ ጎሕ ሲቀድ ከዛፉ ጫፍ ሆኖ ይጣራል። የሚመልስለት የለም።

የኔታ ካረፉ ቆዩ፤ ፍሙን አብረውኝ የከበቡትም ሁሉ ተከተሏቸው። ተረቱን የሚመልስልኝ ሳላገኝ አረጀሁ፤ ከእኔ ጋር እንዳይቀበርም እሰጋ ነበር።

በቅርቡ ዓለም ባንክ ሰፈር ካለው ቤቴ ብዙም ወደማይርቅ ሙዚየም ሄድሁ። የጥንት ሥዕል፣ የነገሥታት ዘመን ዕቃና የዱር አራዊት በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠዋል። ገና ከደጃፉ የእመቤታችንን ሥዕል ስላየሁ ጫማዬን አወለቅሁ። የምታስጎበኘው ወጣት ፈገግ አለች።

«አባባ፣ እዚህ እኮ ጫማ አይወልቅም።»

«ሥዕሏ አለች አይደል፣ ልጄ?»

«አለች።»

«እንግዲያስ ይወልቃል።»

«ወለሉ እንዳይበርድዎት ብዬ ነው፤ እንደወደዱ።»

በባዶ እግሬ ስዞር፣ ከመስታወት ጀርባ ደርቆ የቆመ ጉሬዛ ዘንድ ደረስሁ። ነጭ ካባው አቧራ ለብሷል። ከፊቱ ቆሜ ስቀር ልጅቷ «ያውቁታል እንዴ?» አለችኝ።

«አብሮ አደጌ ነው» አልኋት፤ ተረቱንም እስከ መጨረሻው ነገርኋት። ስፈጽም እንድትመልስልኝ ጠበቅሁ። ልማዱን ከየት ታውቀው? «ደስ ይላል፣ አባባ» ብላ በበሩ ወደገቡት ተማሪዎች ሄደች።

ከደጃፉ ተቀምጬ ጫማዬን ሳጠልቅ ድምፅዋ ከውስጥ ተሰማኝ፤ «ይሄ ጉሬዛ መነኩሴ ነው፤ ከመናከስ ቅጠል ይበቃኛል ብሎ…» እስከ ነጭ ካባው ድረስ አንዲት ቃል አልጣለችም። የጎሑን ጥሪ ግን ተወችው። የኔታ ቢሆኑ እንደገና ያስጀምሯት ነበር፤ እኔ ግን ሁለተኛውን ጫማዬን አጥልቄ ተነሣሁ። ያ ቀሪው ለልጆች አይቸኩልም፤ እስከዚያው እኔ ዘንድ ይቆይ።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ ስትጣሩ የሚመልስላችሁ አያሳጣችሁ፤ አሜን።