በጂፑ በር ላይ የነበረው ስም

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናግሬአለሁ። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ሚስቴን ያስቀየምኩበትን ቀን ሁሉ ሳልደብቅ ተናዝዣለሁ። ይችን አንዲቷን ግን ከአፌ አውጥቻት አላውቅም። ምላሴ ጫፍ ድረስ ትመጣና በሌላ ኃጢአት እለውጣታለሁ። እንግዲህ ይህን የምታነበው፣ ማንም ሁን ማን፣ ዛሬ ጆሮህን ስጠኝ። እኔ የአንድ አባት የልጁን ስም ሸፈንኩ። ሸፍኜም ዋሸሁ።

በደርግ ጊዜ ሐይቅ ላይ ባቲላሜራ ነበርኩ፤ የተጋጨና የዛገ የመኪና አካል የማቃና። ከዚያ በፊት በእስጢፋኖስ ገዳም የቄስ ተማሪ ነበርኩ። ዜማው አልገባኝ ቢል ደሴ ሄጄ መዶሻ ያዝኩ። ጽሕፈቱ ግን አብሮኝ ወጣ፤ መምህሬ ብራና ላይ ያሠለጠኑት እጅ ስለሆነ ለቀበሌ የሚገባውን ማመልከቻ ሁሉ ሰፈሩ የሚያስጽፈው እኔን ነበር። በዚያ እጄ እኮራ ነበር። ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው።

አያ ይማም ቤታቸው ሐይቅ ሆኖ ከአምባሰል ገጠር ሰውና እህል ወደ ውጫሌና ወደ ሐይቅ ገበያ በአሮጌ ጂፕ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው፣ ኢብራሂም። ቤተሰቡ ኢብሬ ይለዋል። መሠረተ ትምህርት በታወጀ ጊዜ ለአባቱ ፊደል ያስቆጠራቸው እሱ ነው። ማንበቡ እንደ ምንም ገባ፤ መጻፉ ግን እምቢ አለ። አንድ ቀን ኢብሬ ያባቱን እጅ በእጁ ውስጥ ይዞ፣ በሾፌሩ በር ላይ በምስማር የራሱን ስም አብረው ጫሩ። «ሂ»ዋ ወደ ጎን ወድቃለች፣ «ም»ዋ ከሁሉም ገዝፋለች። አያ ይማም በዕድሜያቸው የጻፉት ቃል ያ ብቻ ነው።

ከዚያ ኢብሬ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ወደ ሰሜን ተላከ ተባለ። ደብዳቤም መርዶም አልመጣም። ጂፑ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ቆመ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ደግሞ ከቀያቸው የተነቀሉ ሰዎች መንገድ ዳር ሲወድቁ፣ አያ ይማም ያንን ሸራ ገፈው ልጆች ላቀፈች አንዲት እናት ሰጡ። ጂፑ ክረምቱን ራቁቱን ቆመ፤ ዝገቱም ገባ። በር ላይ በተጫሩት ፊደሎች ውስጥም ገብቶ ስሙን ቡናማ አደረገው።

የኢብሬ ታናሽ እህት ዘይነባ ልትዳር ስትል አያ ይማም አስጠሩኝ። ኢብሬ ከመሄዱ በፊት «በዚህ መኪና ነው የምድርሽ» ብሏት ኖሯል። መኪናው የሚነቃነቅ ስላልነበረ ሥራው እዚያው ግቢያቸው ሆነ። ወለሉ ተበልቶ ዶሮ በቀዳዳው ገብታ እንቁላል ጥላበታለች። ላስወጣት ስል፣ «ተዋት፣ ተሳፋሪ ናት» አሉና ሳቁ። ከዚያ ወደ በሩ ወሰዱኝ። ጣታቸውን በፊደሎቹ ላይ ከ«ኢ» እስከ «ም» ቀስ ብለው ነዱት።

«ዲያቆን» አሉኝ፤ ዲያቆን ሳልሆን ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚጠሩኝ። «ሌላውን እንደፈለግህ ቀጥቅጠው። ይችን ግን እንዳትነካብኝ። በሰርጉ ቀን ወንድሟ አብሯት ሊሄድ ነው። ከሱ ያለን ይች ናት።»

«እሽ አያ ይማም። በእስጢፋኖስ አልነካትም» አልኩ። ማን ማል አለኝ? ራሴው ማልኩ።

ደስ ብሎኝ ሠራሁ፤ ይህን መካድ አልችልም። ሞተሩን መካኒክ አስነሳው፤ እኔ ወለሉን በእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ደራርቤ ጠገንኩ፣ ከጎማው በላይ ያለውን ፓራፋንጎ አቃናሁ፣ ኮፈኑን ፍቄ ቀለም ቀባሁ። አያ ይማም በርጩማቸውን አምጥተው አጠገቤ ይቀመጣሉ። «ዛሬም በመዶሻ ነው ቅዳሴው?» እያሉ ያስቁኛል፣ ምሳ ሲቀርብ ለኔ የክርስቲያን ሥጋ ከጎረቤት ያስመጣሉ። በስሜ የያዝኩት የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር። እንደ አባት ነበር የያዙኝ። ታዲያ ምን ጎደለብኝ? ምን ነካኝ?

ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው ለለቅሶ ወደ አምባሰል ሄዱና ሦስት ቀን ቆዩ። ብቻዬን ቀረሁ። መኪናው በሙሉ ያብረቀርቃል፤ በሩ ላይ ብቻ ያ ቡናማ ጭረት አለ። ባቲላሜራ ዝገት አልፎ መሄድ አይሆንለትም። ሰርገኛው ሁሉ «ይችን እንዴት ሳያያት ቀረ?» የሚለኝ መሰለኝ። በዚህ ላይ አንዲት ሐሳብ መጣችልኝ፤ ሸፍኜ ቀለም ልቀባና ስሙን መልሼ እዚያው ልጻፈው፣ ጽሕፈት ለኔ ምኔ ነው? እንዲህ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

በብርጭቆ ወረቀት ልፍቀው ጀመርኩ። ፊደሎቹ ጋ ስደርስ ወረቀቱን አስቀመጥኩት። እግዜር ያሳይህ፣ መፋቅ ያሳዘነኝ ሰው መሸፈን አላሳዘነኝም! ዝገቱን እንዳለ ትቼ ስቱኮ የሚባለውን መድፈኛ ለጠፍኩበት፣ አለስልሼ ቀለም ቀባሁ። ሲደርቅ ምስማር አንስቼ «ኢብራሂም» ብዬ ጻፍኩ።

አማረ። ወንድሜ፣ አማረ! ፊደሉ ቀጥ ብሎ፣ አንገቱ ተለክቶ፣ የገዳም ብራና ላይ የተጻፈ መሰለ። አባትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው የጫሩት አልነበረም። ደፈንኩና እንደገና ጻፍኩ። በግራ እጄ ሞከርኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩ። «ሂ»ዋን ሆን ብዬ ብጥላትም የመምህሬ «ሂ» ሆና ትወድቃለች። በመጨረሻ ሁሉንም ደፍኜ ቀለም ደገምኩበት።

ያን ጊዜ ስቱኮውን መልሼ ማንሳት እችል ነበር። ከግማሽ ቀን አያልፍም። ስሙ ከስር አለ፣ አውቃለሁ። ግን በሩ መስታወት ሆኖ ነበር፤ ፊቴን አየሁበት። አላነሳሁትም።

አያ ይማም ተመለሱ። መኪናውን ዞሩት፣ «አጃኢብ!» አሉ። ከዚያ ጣታቸው እንደ ልማዱ ወደ በሩ ሄደ። ልስልሱ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ዞረው አዩኝ።

«አያ ይማም፣ ዝገቱ በልቶት ኖሯል» አልኩ። «ስነካው ዱቄት ሆኖ ረገፈ። ላሜራውን ቆርጬ ቀየርኩት።»

አልተቆጡኝም። ምነው በተቆጡኝ! በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው፣ «ሸራውን ባልሰጥ ኖሮ አይዝግም ነበር» አሉ። «እኔው ነኝ። በገዛ እጄ ልጄን ለዝናብ ሰጠሁት።»

ይኸው ኃጢአቴ። እኔ ስም ብቻ አልሸፈንኩም፤ አንድ ደግ ሰው በሠራው ደግነት እንዲጸጸት አደረግሁ። አይ፣ ሸራው ምንም አላደረገም፣ ልል አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት።

ሰርጉ አለፈ። ሰው ሁሉ በሩን እያየ አመሰገነኝ። ዘይነባ ከመሳፈሯ በፊት ስሙ የነበረበትን ቦታ በመዳፏ ነካችው። መሪውን የያዙት አያ ይማም ደግሞ እስከ ሙሽራው ቤት ድረስ ክንዳቸውን እዚያው ልስልሱ ላይ አሳርፈው ነዱ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ከሐይቁ ዳር አብረን ስንመለስ ቆም አሉና ጠየቁኝ። «ዲያቆን፣ አንተ መጽሐፍ ታውቃለህ። በሰጣት ሰደቃ የተጸጸተ ሰው፣ ሰደቃው ትቆጠርለታለች?» ደጁ እንዲህ ተከፍቶልኝ ነበር። «አብሽሩ አያ ይማም፣ ትቆጠራለች» አልኩ፤ ሌላ አልጨመርኩም። ከዓመት በኋላ አረፉ። አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። መዶሻ ያስያዘኝ የደሴው ጌታዬ ደግሞ «ዝገት ላይ ስቱኮ አይያዝም» ይል ነበር። ካረፉ በኋላ በመጣው ክረምት ዘይነባ ላከችብኝ። የጂፑ በር ላይ ያለው ቀለም ቆስሎ ረግፏል፤ ከስሩ «ኢብራ» የሚለው ወጥቷል፣ ያው ጠማማው፣ ያው ቡናማው። እሷ የምታውቀው ላሜራው መቀየሩን ነው። በአዲስ ላሜራ ላይ የወንድም ስም ከበቀለ ምን ይባላል?

«ያረቢ! የአባባን ሰደቃ ተቀበለው፤ ስሙን መለሰልን!» ብላ እያለቀሰች ክንዴን ያዘችኝ።

እኔም «አሚን» አልኩ። አሚን አልኩ እኮ!

አሁን ይህን ጽፌ ስጨርስ ለዘይነባ ልሰጣት ነው። ጽሕፈቴ ዛሬም ያምራል፣ ለማንበብ አትቸገርም። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር አልልም። ይቅርታም አልለምናትም፤ ይቅር ማለት የሚገባቸው ሰው ጣታቸው ባዶ ቦታ ላይ እንደተመላለሰ አልፈዋል። እውነቱን ግን ትወቀው። ዘይነባ፣ ተአምር አልነበረም። ላሜራው አልተቀየረም። አባትሽ ሸራውን በመስጠታቸው አንዲት ፊደል እንኳ አልጠፋችም፤ ያን ሁሉ ጊዜ ኢብሬ ከክንዳቸው ስር ነበረ።