የእናቴ ፍንጭት

ብሬስ የሚሉትን የጥርስ ሽቦ ያሳሰርኩት አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው። ምክንያቱ ቁንጅና አልነበረም። የታች ጥርሶቼ ተደራርበው ጉንጬን ያስነክሱኝ ነበር፤ ከላይ ደግሞ አንዱ ክራንቻዬ ቦታ አጥቶ ከመስመር ወጥቷል። ጠዋት ስነሳ መንጋጋዬ ሌሊቱን ሙሉ ድንጋይ ሲያኝክ ያደረ ይመስል ይዝላል። ግን ይህን ለስንቱ አስረዳለሁ? ቢሮ ያገኘኝ ሁሉ «ሙሽራው ማነው?» ይለኝ ጀመር። አንዱ ባልደረባዬማ «በዚህ ዕድሜ ሰው ጥርሱን ያስነቅላል እንጂ ያሳስራል?» ብሎ ክፍሉን በሙሉ አሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ የላይኛው ከንፈሬ ሽቦው ላይ ተይዞ ቀረ።

እናቴ ግን አልሳቀችም። ታቦር ሰፈር ባለው የእሷና የአባቴ ቤት በረንዳ ላይ አስቀመጠችኝና አገጬን ይዛ ለሱቋ ጨርቅ ስትመርጥ እንደምታደርገው ወደ ብርሃን አዞረችኝ።

«ፍንጭቴንስ?» አለች።

«አልተነካም።»

«እንዳታስነኪብኝ።»

በሁለቱ የፊት ጥርሶቼ መሃል ያለውን ክፍተት እንደ ግል ንብረቷ ነበር የምታየው። እውነቷን ነው፣ ከእሷ ነው የወረስኩት። እኔ ስስቅ ያዩ ደንበኞቿ ሳይቀሩ «የባለሱቋ ልጅ ነሽ እንዴ?» ይሉኝ ነበር። አባቴም ጨዋታ ሲያምራቸው እናቴን መጀመሪያ ያዩበትን ቀን ያነሳሉ። «ከዘማሪዎቹ መሃል ፍንጭቷን አየሁ። የዚያን ቀን ምን እንደተሰበከ እስከ ዛሬ አላውቅም» ይላሉ።

የጥርስ ሐኪሟ ከእኔ በብዙ የምታንስ ልጅ ናት፤ እርስዎ እያለች ነው የምታዋራኝ። ነገሩን ገና ከጅምሩ ነግራኛለች። ክራንቻው ወደ መስመሩ እንዲገባ ቦታ ያስፈልገዋል። ቦታው የሚገኘው ወይ ፍንጭቱ ሲዘጋ ነው፣ ወይ ደግሞ ከላይ ሁለት ጤነኛ ጥርስ ሲነቀል። «አሁን አይጨነቁ፤ ስንደርስበት ይወስናሉ» አለችኝ።

ሳንደርስበት እናቴ ሞተች።

ደም ግፊት ነው አሉ። ሱቋን ዘግታ ቤት ገባች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋ ላይ ጋደም አለች፣ በዚያው ቀረች። ስልኩ ሲደወልልኝ ገና ከሐኪሟ ወንበር መነሳቴ ነበር፤ ሽቦዬ በዚያው ቀን ነው የጠበቀው። ክሊኒኩ ካለበት ከአዲስ ከተማ ሰፈር ታቦር ድረስ በባጃጅ ስሄድ ኮብልስቶኑ ባነጠረን ቁጥር ሕመሙ እስከ ጆሮዬ ይዘልቃል። ከዚያ ቀን የማስታውሰው እሱን ነው፣ የጥርሴን ሕመም። ሌላም ነገር ተሰማኝ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አልተሰማኝም።

ድንኳን ተተከለ፣ ዘማሪዎች መጡ። አላለቀስኩም። እንባዬን የከለከልኩት እኔ አይደለሁም፤ ራሱ ነው ያልመጣው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በለቅሶ ላይ የማያለቅስ ሰው ይመሰገናል። «እምነቷ አጸናት» እያሉ ተራ በተራ እጄን ጨበጡ። የምን እምነት! የጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ ሲወጋሽ ከንፈርሽን ብትነኪው የሌላ ሰው ከንፈር የሚመስልሽ ነገር አለ፤ እኔ መላ ሰውነቴ እንደዚያ ነበር።

ንፍሮ ሲዞር ተቀበልኩ። ስንዴውና ሽምብራው ለእኔ ሽቦ የሚሆን አልነበረም፤ ጥቂት ፍሬ አፌ ውስጥ ይዤ እስኪለሰልስ እጠብቃለሁ። አንዲት ጎረቤት ከሐዘን ብዛት የተውኩት መስሏት «ለራስሽም እዘኚ እንጂ፣ ቅመሺ» ትለኛለች። ሽቦው ነው ብዬ ማስረዳቱ አሳፈረኝ። አንድ ከሰዓት ደግሞ አንድ ሽማግሌ እናቴ ዋጋ የሚከራከራትን ደንበኛ እንዴት እንደምትሸኝ አስመስለው ሲያሳዩ ድንገት ሳቅሁ። ሳቄ ድንኳኑ ውስጥ ሲሰማ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። «ጥርስ ባዳ ነው» አሉ ሽማግሌው፣ እንዳላፍር ብለው።

ይህን ጊዜ አክስቴ ከተቀመጡበት ተነስተው ወደ እኔ መጡ። የእናቴ ታላቅ ናቸው፤ ለለቅሶው ከገጠር፣ ከቱላ ነው የመጡት። አማርኛው እንደ አፍ መፍቻቸው እንደ ሲዳሙ አፎ ስለማይቀናቸው አጠር አድርገው ነው የሚናገሩት። በሁለት ጣታቸው የላይኛውን ከንፈሬን ገለጡ።

«እህቴ እዚህ አለች» አሉ። ከዚያ ሽቦውን በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት። «ይሄ ይዘጋል?»

«ሊዘጋ ይችላል።»

«ከተዘጋ፣ እህቴን ሁለት ጊዜ ቀበርሽ።»

ከንፈሬን ለቀው ተመልሰው ተቀመጡ። እኔም የተሰጠኝን ውሃ ጠጣሁ።

ድንኳኑ ተነሳ፣ ወደ ቢሮዬ ተመለስኩ። ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ «ደህና ነኝ» እላለሁ፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግም አልነበረም። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ወደ አባቴ ጎራ እላለሁ። እናቴን አንቺ፣ አባቴን እርስዎ እያልኩ ነው ያደግሁት፤ በእኔና በእሳቸው መሃል ወሬውን የምታመላልሰው እሷ ነበረች። አሁን ሁለታችን ብቻ በረንዳው ላይ ቁጭ እንላለን። አባቴ ወንበራቸውን ግቢው ውስጥ ወዳለው አቮካዶ አዙረዋል። ስጠይቃቸው ይመልሳሉ፣ ግን ለዛፉ ነው የሚመልሱት። እኔን አያዩኝም። እናቷ አፈር ገብታ እሷ ጥርሷን ታስተካክላለች ብለው ታዝበውኛል ብዬ ደመደምኩ። ሐዘንተኛ ናቸው ብዬ ቻልኩት እንጂ ያናድደኝ ነበር። በዚያ ሰሞን የሚሰማኝ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነበር፣ ንዴት።

በመጨረሻ ሐኪሟ መስታወት ሰጠችኝና «እንግዲህ ደርሰንበታል» አለች። «ፍንጭቱ ምን ይሁን?»

«ይቆይ። ሁለቱ ይነቀሉ።»

«ጤነኛ ጥርሶች ናቸው እኮ። አስበውበታል?»

«አዎ» አልኩ። ማሰቡ ብዙ አልፈጀብኝም። አክስቴ የሚፈልጉት ይታወቃል። አባቴም በፍንጭት የተማረኩ ሰው ናቸው፤ ከዚህ ሌላ ሊሉ አይችሉም። ለራሴ ሁለቱም አንድ ነበር። ሐኪሟ ሁለቱን ጥርሶች በሚቀጥለው ቀጠሮ ልትነቅል ተስማማን።

እሁድ ዕለት ለአባቴ ልነግራቸው ሄድኩ። አንድ የሚያስደስታቸው ነገር ይዤ መሄዴ ነው ብዬ አስቤ ነበር።

«አባባ፣ ፍንጭቱ አይዘጋም» አልኳቸው። «በምትኩ ሁለት ጥርስ ላስነቅል ነው።»

አቮካዶውን እያዩ ጠየቁ። «የታመመ ጥርስ ነው?»

«አይ፣ ደህና ነው።»

«ለማን ብለሽ ነው የምታስነቅዪው?»

«ለእርስዎ። ለአክስቴም።»

«እሷን እኔ አናግራታለሁ።» መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አሻሹ። «ለእኔ ከሆነ ግን ይቅርብሽ።»

ዛፉን እንዳዩ ቀጠሉ። «አፍሽን በከፈትሽ ቁጥር እሷ ትመጣለች። መጥታ አትቀመጥም፣ ተመልሳ ትሄዳለች። ስለዚህ ፊቴን አዞራለሁ። ከቀብር ወዲህ አንቺን ደህና አድርጌ አይቼሽ አላውቅም።»

«እኔ ተቆጥተውኝ ነው ብዬ…»

«ምን አድርገሽ እቆጣሻለሁ? ሐኪሟ ትዝጋው፣ ልጄ። አንቺን ማየት እፈልጋለሁ።»

እሺ አልኩ። ያን ዕለትም አላለቀስኩም። ወጥቼ ባጃጅ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ሐኪሟ ሐሳቤን መለወጤን ስነግራት ምክንያቱን አልጠየቀችኝም፤ ጤነኛ ጥርስ ከመንቀል መዳኗ ደስ ያላት መሰለኝ። ሁለቱን የፊት ጥርሶች በላስቲክ አያያዘቻቸው፣ በየቀጠሮውም ላስቲኩን ትቀይራለች። ፍንጭቱ ቀስ በቀስ ጠበበ። ሥራ ላይ ሆኜ ሳላስበው ምላሴ ወደዚያ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ጫፉ ይገባ ነበር፣ በኋላ እሱም እንቢ አለ። አባቴ አክስቴን ቱላ ድረስ ሄደው አነጋግረዋቸዋል። ምን እንደተባባሉ አልነገሩኝም። ከአክስቴ አንድ ማዳበሪያ በቆሎ ተላከልኝ፣ እሱም በሽቦ የማይበላ ነው።

ፍንጭቱ ሙሉ በሙሉ በተዘጋበት ሳምንት እሁድ ወደ ታቦር ሄድኩ። አባቴ በሩ ሲከፈት ሰምተው «ማነው?» አሉ። እኔ ነኝ ብዬ ሰላም አልኳቸው። መጀመሪያ ዛፉን እያዩ ቆዩ። ከዚያ ተነሱና ወንበራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው ወደ እኔ አዞሩት። ተቀመጡና አዩኝ። ግንባሬን፣ ዓይኔን፣ አፌን፣ ሁሉን ሳይቸኩሉ አዩ። እኔም ከፊት ለፊት ካየኋቸው ቆይቼ ነበር፤ በጣም አርጅተዋል።

«ከስተሻል» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «ደህና ነሽ?» አሉኝ።

ከድንኳኑ ጀምሮ ይህን ያልጠየቀኝ ሰው የለም፤ መልሱም አፌ ላይ ነበር። ምላሴ እንደ ልማዱ ፍንጭቱን ፍለጋ ሄደ፤ ያገኘው ጥርስ ብቻ ነው።

«አይደለሁም፣ አባባ» አልኳቸው።