ድሙይ ዋጠች የተባለችው አቻን

አቻን የወንድሟን ጥሎሽ ዋጠች ተብሎ ነበር። ድሙይን፣ ያን ከአያት የወረደ ሰማያዊ ጨሌ፣ እንዳይወረስ ብላ እንደ ኪኒን በባሮ ውሃ አወራረደችው፤ ሆስፒታል የገባችውም ለዚሁ ነው አሉ። ስትራመድ ሆዷ ይንቀጫቀጫል ያለችም ሴትዮ ነበረች፤ ቤቷ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ጆሮ ይሏችኋል ይህ ነው።

ውሸት ነው። አቻን ድሙዩን ወገቧ ላይ ታጥቃው ነበር። የቀበሌው ካድሬ «በጨሌ ሚስት ማግባት ቀርቷል» ብሎ ቤት ለቤት ሲያስፈትሽ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃገረድ ቀሚስ የሚገልጥ የለም ብላ ያሰረችላት አክስቷ አባንግ ናት። ድሙዩ ከተወሰደ ታላቅ ወንድሟ ኦጁሉ ያጫትን ልጅ ያጣል። ችግሩ፣ አቻን መዝሙር እንጂ ውሸት አትችልበትም።

ደህና ተደብቆ ሳለ ሆዷ በቀኝ በኩል ተነሣባት፤ ልክ ከጨሌው ሥር። ድንገተኛ ክፍል ሲያስገቧት ደግሞ አንድ አብዮት ጥበቃ የቆሰለ እግሩን ሊያሳጥብ ጠመንጃውን አቅፎ ተቀምጧል።

«የቱ ጋ ነው የሚያምሽ፣ የኔ እህት?» አለች ነርሷ ይመናሹ።

አቻን ጠመንጃውን አየችና ደረቷን አሳየች።

«ደረቱን ያመመው ሰው እንዲህ አይታጠፍም። በይ ቀሚስሽን ከፍ አርጊው።»

«በርዶኛል።»

ጋምቤላ፣ መጋቢት፣ ቀትር ላይ። አብዮት ጥበቃው ራሱ ሳቀ።

አባንግ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብላ፣ «ትንሽ ቻይው፣ አሁን ይወጣል» አለቻት። እሱ ግን እግሩ ታጥቦም አልወጣም፤ ወሬው ገና አላለቀም። አቻን የአልጋውን ብረት ጨብጣ ቻለችው። ላቧ ቀዘቀዘ። ከዚያ አስታወከችና ዓይኗ ተገለበጠ።

ይመናሹ መጋረጃውን ስባ ቀሚሱን ገለጠች። ነርሷ ክሩን በመቀስ ቆረጠች፤ ጨሌውን በፋሻ ጠቅልላ አባንግ ጉያ ወሸቀችው።

«እኔ ያየሁት ትርፍ አንጀት ነው» አለች ዝቅ ብላ፤ ከዚያ ጮክ ብላ፣ «ቃሬዛ አምጡ፣ ቶሎ።»

በማግስቱ ኦጁሉ ከአቦቦ እየሮጠ ደረሰ። አቻን በቀዶ ሕክምና ተርፋ፣ ሆዷ ታስሮ ተኝታለች።

«ድሙዩስ?» አለ ገና ከበሩ።

አባንግ ፋሻውን ፈታች። ሁለቱ አልጋው ጫፍ ላይ አቀርቅረው፣ የተሰነጠቀ ይኖር እንደሆን ፍሬ በፍሬ ያገላብጡ ጀመር።

«እኔም ድኛለሁ» አለች አቻን።