ነገሳና ባለ ክንዱ ሸክላ

ባሌ ነገሳ ሰበታ ላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው ነው። ይህን ያወቀ ሁሉ ነገሳን አውቀዋለሁ ይላል። እኔ ግን ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ሦስት ወልጄለት፣ እስካሁን አልገባኝም።

ያልገባኝ ነገር የሚጀምረው ከሰባቱ ሸክላዎች ነው። ፋብሪካ ማሽን ሊተክል የመጣ አንድ እንግሊዛዊ ነበር። ነገሳ ዕቃውን ሲጠግንለት ከርሞ፣ ሰውየው አገሩ ሲገባ ሸክላዎቹን ከነማጫወቻው ትቶለት ሄደ። ሰባቱም የአንድ የሮክ ባንድ አልበሞች ናቸው። ዘፈን ነው ይሉታል። እኔ ዘፈን የምለው ዘፋኝ ሲኖረው ነው! የነሱ አንዱ ዘፈን የሸክላውን አንድ ገጽ ሙሉ ይይዛል። ኦርጋኑ ብቻውን ይሄዳል፣ ከበሮው ይከተለዋል፣ ሁለቱም መንገድ ይስታሉ፣ ደግሞ ይመለሳሉ። ዘፋኙ አፉን እስኪከፍት የኔ ሽሮ በስሎ ይወርዳል። «አለቀ?» ስለው «ገና መግቢያው ነው» ይለኛል። አይ አበሳዬ!

ይህን ጣጣ የሚጋራው በሰበታ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ዳኜ። ከጎጃም መጥቶ በዱቄት ፋብሪካ መጋዘን የሚሠራ፣ ግቢያችን ውስጥ ያለችውን አንዷን ክፍል የተከራየ ወንደላጤ ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይመጣና ከነገሳ ጋር ይከራከራል፤ ከሰባቱ የትኛው ይበልጣል? የእንግሊዝኛ ስማቸውን ማን ይጨነቅበታል፣ በሽፋኑ ሥዕል ነው የሚጠሯቸው። ባለ ፈረሱ፣ ባለ ድልድዩ፣ ባለ ክንዱ። ለዳኜ ከባለ ድልድዩ የሚበልጥ አልተፈጠረም። ነገሳ ደግሞ ባለ ክንዱ ብሎ ድርቅ ይላል። ይጨቃጨቃሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ ማክሰኞ ላይ ይታረቃሉ።

መዘዙ ያለው ባለ ክንዱ ላይ ነበር። ሽፋኑ ላይ አንድ ራሱን የተላጨ ፈረንጅ ማሳ መሃል ቆሞ፣ ሁለት ክንዱን ከራሱ በላይ አጣምሯል። ለምን እንዳጣመረ እኔ አላውቅም፣ ነገሳም አያውቅም፤ ከአርባ ዓመት በፊት የተሣለ ነው። በ2008 ግን የማስተር ፕላኑ ነገር መጣ። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው ተባለና ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ ልጆቹ መንገድ ወጡ። ሲወጡም ክንዳቸውን ልክ እንደዚያ ፈረንጅ አጣምረው ነው።

ነገሳ ከሰበታ ወዲያ የተጂ ገበሬ ልጅ ነው፣ የመሬቱ ነገር ያመዋል። በዚያ ዓመት ባለ ክንዱን ነጋ ጠባ ያስጮኸው ጀመር። ዳኜ ሳይቀር «አንተ ሰውዬ፣ የወደድከው ሙዚቃውን ነው ወይስ ሽፋኑን?» አለው። ነገሳ «ሙዚቃውን ነዋ!» አለና፣ ትንሽ ቆይቶ «እኔ እንጃ» አለ። እሱ ራሱ ያላወቀውን እኔ በምን ልወቅ?

በመስከረም 2009 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ክንድ አጣምሮ ማሳየትም ተከለከለ።

«ነገሳ፣ ማሎ፣ እባክህ ያንን ነገር ደብቀው» አልኩት።

«ምኑን?»

«ፈረንጁን!»

«ፈረንጁ ምን አደረገ? አዋጁ ለሰው ነው እንጂ ለሸክላ አይደለም» ብሎ ሳቀብኝ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ለቤት የሚፈትሹ ወታደሮች ግቢያችን ገቡ። ዳኜም እኛ ጋ ነበር። አንደኛው ወታደር ሸክላዎቹን እያገላበጠ ባለ ክንዱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሙዚቃ ነው» አለ ነገሳ።

«ምልክቱን ነው የጠየቅኩህ።»

«የእንግሊዝ ነው።»

ወታደሩ ወደ ጓዱ ዞረ፣ ጓዱም ግራ ገባው። ልጆች ናቸው እኮ፣ ሸክላ በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ይተውት ይሆናል ብዬ በልቤ ስለት ተሳልኩ።

ይሄኔ ዳኜ ጣልቃ ገባ። «ጌታዬ፣ ይሄ ከሰባቱ የመጨረሻው ነው፣ የማይረባ ነው። እሱም አይወደውም። ከፈለጋችሁ ውሰዱት።»

ወታደሩ ሸክላውን ሊወረውረው ምንም አልቀረውም። ነገሳ፣ ምላሱ ይቆረጥ እንዳልል ባሌ ነው፣ «ማነው የማይረባው?» ብሎ ጮኸ። «ባለ ክንዱ ነው የመጨረሻው? አንተ ስለ ሙዚቃ ምን ታውቅና! ከሁሉም የምወደው እሱን ነው!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ወታደሩ ለጓዱ «አየህ?» አለው። ሁለቱንም ይዘዋቸው ሄዱ። ዳኜን ለምስክርነት ነው አሉኝ።

ያ ዋቃዮ! ማንን ልቆጣ? ለሸክላ ብሎ ራሱን ያስበላውን ነገሳን? ዳኜን? ሥዕሉን የሣለውን እንግሊዝ? ምሳ ቋጥሬ ፖሊስ ጣቢያ ብሄድ «እዚህ የለም» አሉኝ። የሰፈር ሴቶች ደግሞ «ምስክሩ ማን ሆነና? ሰውየውን ከየት እንደመጣ ታውቂዋለሽ?» እያሉ ጆሮዬን ሞሉት። ሦስት ዓመት በቤቴ የበላ የጠጣ ሰው ነው እላለሁ፤ ተመልሼ ደግሞ እንጃ፣ እውነት ቢሆንስ እላለሁ። ክፉ ቀን ያልታሰበውን ያሳስባል።

በአራተኛው ቀን ዳኜ ብቻውን መጣ። ፊቱ አብጧል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት መሰለኝ።

«ተሩ፣ እኔ…» ሲል አላስጨረስኩትም።

«መሰከርክበት አይደል? የበላኸው እንጀራዬ ይፋረድህ!» አልኩት። ዝንብ እሽ የማልል ሴትዮ! «ዕቃህን ይዘህ ውጣልኝ።»

«እሺ ተሩ» አለ። ፍራሹን ጠቅልሎ ወጣ። ሰንዳፋ ገባ ሲሉ ሰማሁ።

ነገሳ በአርባ አንደኛው ቀን ተለቀቀ። ከስቶ፣ ሱሪው ወገቡ ላይ እየተንሸራተተ መጣ። አገላብጬ ሳምኩት፣ እግሩን አጠብኩት። ዓይኑ ግን ግቢውን ይፈልጋል።

«ዳኜስ?» አለኝ።

«አባረርኩታ! የመሰከረብህን ሰው ምን ላድርገው?»

«ማነው የመሰከረብኝ?»

«ዳኜ ነዋ።»

ነገሳ እግሩን ከመታጠቢያው አወጣ። «በሥዕሉ ልጆችን ያነሳሳ ነበር ብለህ ፈርም አሉት» አለኝ። «‹ሙዚቃ ነው፣ ያውም አጥብቆ የሚወደው ሙዚቃ ነው፣ ሌላ አላውቅም› አለ። ሦስት ቀን ደበደቡት። ግድግዳ ለግድግዳ ነበርን፣ ሲጮህ እሰማው ነበር። አልፈረመም። ምነው፣ አልነገረሽም?»

«አልነገረኝም» አልኩት። መች አስወራሁት።