የሰርቨሩ መቀርቀሪያ

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። አምቦ ውስጥ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ የዳታቤዝ ባለሙያ ነኝ። የምዝገባ ሳምንት ስለነበር የተማሪው ሰልፍ ከሬጅስትራር መስኮት ተነስቶ የግቢው በር ደርሷል። ከጌዶና ከጊንጪ ድረስ የመጡት ሁሉ «ሲስተም የለም» እየተባሉ ፀሐይ ላይ ቆመዋል።

የእኔ ኮንትራት ደግሞ በዚህ ወር ያልቃል። ሥራ አስኪያጁ ኦቦ ቶላ ቁርጡን ነግረውኛል... «ይሄ ሰልፍ እስከ አርብ ካልጠፋ ኮንትራትሽን አላድስም።»

ሰርቨር ክፍል ገብቼ የክትትል ገጹን ከፈትኩ። ማሽኑ አልደከመም፣ ዲስኩም ቦታ አለው። ግን የመዝጋቢዎቹ ሥራ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳታቤዝ መብራት ቢሄድ መረጃ እንዳይጠፋበት እያንዳንዱን ለውጥ ሪዱ ሎግ የሚባል መዝገብ ላይ ይጽፋል። እዚያ ለመጻፍ ላች የምትባል ትንሽ ቁልፍ መያዝ ግድ ነው። አንዱ ሲይዛት ሌላው ይጠብቃል። የእኛ ፕሮግራም ደግሞ መብራት እንዳይጠፋበት ፈርቶ ስም ሲጻፍ ሴቭ፣ የአባት ስም ሲጻፍ ሴቭ... ቦኖ ላይ ሰው ሁሉ በጀሪካን ፋንታ በማንኪያ ሊቀዳ ቢሰለፍ ማለት ነው።

ኦቦ ቶላ ደወሉ።

«ምኑ ነው የያዘው?»

«ላቿ ናት ኦቦ።»

«ላች ደግሞ ምንድነው?»

«እንግዲህ በአማርኛ... መቀርቀሪያ በሉት።»

«መቀርቀሪያ! ታዲያ እስካሁን ምን ትጠብቂያለሽ? ቶሌ፣ እሺ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ብለው ዘጉት።

ፎርሙ ተሞልቶ ሲያልቅ አንዴ ብቻ ሴቭ እንዲያደርግ ፕሮግራሙን አስተካክዬ ልጭነው ስል በሩ ተንኳኳ። አንድ በያጅ የብየዳ ማሽኑን ተሸክሞ ቆሟል።

«ኦቦ ቶላ ልከውኝ ነው። መቀርቀሪያው ተማሪ እያጉላላ ነው አሉ። ይሄ ነው?»

የሰርቨር ክፍሉን በር ነው የሚያሳየኝ! ሳቄን ሳልጨርስ ማሽኑን ሶኬት ላይ ሰካው። ድርግም... የሕንፃው መብራት በሙሉ ጠፋ። ሰርቨሩም አብሮ።

«ንቀለው!» ብዬ ጮህኩ። ጠዋት የተመዘገበውም ተማሪ ተመልሶ ሊሰለፍ ነው ብዬ ኮንትራቴን እዚያው ተሰናበትኩት።

መብራቱ ሲመለስ ዳታቤዙ ያንኑ ሪዱ ሎግ እያነበበ ራሱ ተነሳ። ከተመዘገቡት አንድም ተማሪ አልጠፋም። እፎይ አልኩ። እኔ የተስተካከለውን ፕሮግራም ጫንኩ፣ በያጁም ብየዳውን ትቶ ያመጣውን አዲስ መቀርቀሪያ በሩ ላይ በብሎን አሰረ። ከሰዓት በኋላ የክትትል ገጹን ሳየው ላቿን የሚጠብቅ የለም ማለት ይቻላል። ሰልፉም አለቀ።

አርብ ዕለት ኦቦ ቶላ አስጠሩኝ። ፊታቸው በርቷል።

«ኮንትራትሽ ታድሷል። ስንት ባለሙያ ገብቶ ወጥቶ ያላየውን መቀርቀሪያ አንቺ አየሽው!»

ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ... ወረቀቱ ላይ ፊርማቸውን ሳይ ግን «ገለቶማ ኦቦ» ብዬ አመስግኜ ዘጋሁት።

«በይ አሁን ደግሞ የላይብረሪውን በር እይልን፤ ኢንተርኔቱ ይዘገያል።»

ሄጄ አየሁት... እውነትም መቀርቀሪያው ላልቷል።