ያልገጠመው ደቂቃ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተርና ስልክ እጠግናለሁ። በሱቄ በረንዳ ላይ አንዲት ሴት በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና ዘርግታ ልብስ ትሰፋለች። ኑዌር ናት። ዕድሜዋ ሃምሳን ሳያልፍ አይቀርም። ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም፤ አትናገርምም። ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ስንሠራ የምንግባባባቸው ምልክቶች ከአሥር አይበልጡም ነበር። ብላ፣ ሂድ፣ ዝናብ መጣ፣ መብራት ጠፋ፣ ሰው ይፈልግሃል፤ በቃ ይኸው ነው። ስለዚህ ዝምተኛና ቁጥብ ሴት አድርጌ ነበር የማውቃት።

አንድ ዓርብ የእህቷ ልጅ ሱቄ ገብታ ወንበር ሳበች። ትልቅ ሴት ናት፤ ኩሌ የስደተኞች ጣቢያ አስተርጓሚ ሆና ትሠራለች፤ ዓርብ ዓርብ ኢታንግን አልፎ በሚመጣው ሚኒባስ አክስቷ ዘንድ ትገባለች። የነገረችኝ ነገር ሥራ አስፈታኝ። አክስቷ ታናሽ ወንድም ነበራት፤ በጦርነት ዘመን ተለያይተው ከሠላሳ ዓመት በላይ ወሬው ጠፍቷል። አሁን ከኬንያ በኩል የመጣ አንድ ሰው ወንድምየው ናይሮቢ የእንጨት ሥራ እንደሚያስተምር ለእህቷ ልጅ ነገራት። እሷም ደውላ አረጋገጠች፤ አጎቷ ራሱ ነው።

«እኔ አነጋገርኩት» አለችኝ። «አክስቴ ግን በድምፅ ምን ታደርጋለች? እነሱ የሚያወሩት በእጅ ነው። ያንን የእጅ ወሬ ልጆች ሆነው ራሳቸው ናቸው የፈጠሩት። እኔም አላውቀውም፤ ማንም አያውቀውም።»

በራሷ ስልክ በምስል ልታገናኛቸው ሞክራ ነበር። ነገር ግን አክስትየው ዓይኗን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፤ መርፌዋን እንኳ በዳሰሳ ነው የምታገኘው፤ በዚያች ትንሽ መስታወት ላይ ጣት ከጣት አትለይም። ወንድምየው የሚያስተምርበት ድርጅት ቢሮ ኮምፒውተር አለው፤ ቅዳሜ ጠዋት በቢሮው የመልእክት አገልግሎት በኩል በምስል እንዲያወራ ፈቅደውለታል። ከዚህ በኩልም አንድ ትልቅ ስክሪን ያለው ኮምፒውተር ያስፈልጋል።

አዲስ መግዛት የማይታሰብ ስለነበር ከተጣሉት ልገጣጥም ወሰንኩ። ዋናውን ቦርድ ከአንድ የሞተ ማሽን፣ ኃይል የሚሰጠውን ሳጥን ከሌላው፣ ሚሞሪውን ከሦስተኛው ነቀልኩ። ስክሪን ያደረግኩት ድምፁ የተበላሸ ቴሌቪዥን ነው፤ ባለቤቱ ሊጠገን አይችልም ስለው ትቶልኝ የሄደው። ለዚህ ሥራ ከዚያ የተሻለ አልነበረም። ሴትዮዋ መኪናዋን ትታ ስሠራ አጠገቤ ቆማ ትመለከት ነበር። ለምን እንደሆነ የእህቷ ልጅ ነግራታለች፤ እንዴት እንደነገረቻት ግን አላውቅም። የገባት መሆኑን እጆቿ ከወትሮው በላይ ዕረፍት በማጣታቸው ተረዳሁ።

ማሽኑ ተነሣ፤ ካሜራውም ሠራ። ያስቸገረኝ የመልእክት አገልግሎቱ ነው። ስልክ ቁጥር ታስገባለህ፣ በአጭር መልእክት ኮድ ይመጣል፣ ኮዱን ትጽፋለህ፣ ከዚያ አገልግሎቱ ሥራ እስኪጀምር ትጠብቃለህ። ኮዱ መጣ። ጻፍኩት። ስክሪኑ ላይ «ጠብቅ» የምትለው ክብ ምልክት ዞረች፣ ዞረች፣ ከዚያ «አልተቻለም» አለኝ፤ ምክንያት የለውም። ደጋግሜ ስሞክር ጭራሽ ለአንድ ቀን ዘጋብኝ።

መጀመሪያ ኔትወርኩን ጠረጠርኩ፤ መስመር ቀየርኩ፤ ያው ነው። ቀጥዬ ማሽኑን ጠረጠርኩ። ከፋብሪካ ተገጥሞ የወጣ ኮምፒውተር መለያ ቁጥር አለው፤ የእኔ ቦርድ ላይ ግን የቁጥሩ ቦታ «በአምራቹ የሚሞላ» ይላል፤ አምራቹም ሳይሞላው ቀርቷል። በዚያ ላይ መስመር በቀየርኩ ቁጥር የኔትወርክ ካርዱም ስለሚቀየር፣ አገልግሎቱ በመጣሁ ቁጥር ሌላ ማሽን ነው የሚያየው። አንድ ካርድ ብቻ ትቼ ሌላውን ሁሉ ነቀልኩ። ደህና ሐሳብ ነበር፤ ግን አሁንም እንቢ አለ።

ሳምንቱ አለቀ፤ ቅዳሜ አመለጠን። የእህቷ ልጅ ወደ ኩሌ ተመለሰች። ወላጆቼ በሰፈራ ዘመን ከወሎ መጥተው አልዌሮ ግድብ አካባቢ እስካሁን ያርሳሉ። እዚህ አገር ስንኖር ከኑዌርም ከአኙዋም ጎረቤት ጋር በጋራ አማርኛችን ስንረዳዳ ነው የኖርነው። ይህች ሴት ግን ለስምንት ዓመት በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ አንዳች ነገር ለምናኝ አታውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት መብራት ጠፍቶ መጣ። ማሽኑን አስነሥቼ ያንኑ ነገር እንደገና ስጀምር ሴትዮዋ ትከሻዬን ነካችኝ። ጣቷን ወደ ስክሪኑ ጥግ፣ ሰዓቱ ወደሚታይበት ቦታ ቀሰረች፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት። ፊደል አታውቅም፤ ቁጥርን ግን ከመለኪያ ሜትሯ ጠንቅቃ ታውቃለች። ፈገግ አልኩ። የግድግዳው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ የኮምፒውተሩ በፈረንጅ፣ ስድስት ሰዓት ይለያያሉ፤ ይህንን በምን ምልክት ላስረዳት እያልኩ እጄን አወዛወዝኩ። አይደለም በሚል ራሷን ነቀነቀች። የግድግዳውን ሰዓት ረጅሙን ዘንግ አሳየችኝ፤ አራት ላይ ነው፣ ሃያ ደቂቃ። ስክሪኑ ላይ ደግሞ አርባ ሦስት ይላል።

የአቆጣጠር ልዩነት ቢሆን ደቂቃው መግጠም ነበረበት። ቀኑን ከፍቼ ሳይ ማሽኑ የዛሬ ብዙ ዓመት ላይ ነው ያለው። አርባ ሦስቱ ደቂቃ መብራቱ ከመጣ ወዲህ የተቆጠረ ነው። ቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ሞታለች፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ዘመኑን ይረሳል። ሰዓቱን ከኔትወርክ የሚያስተካክለውን ነገር ደግሞ ማሽኑ እንዲፈጥን ብዬ እኔው አጥፍቼዋለሁ። አገልግሎቱ ደህንነቱን የሚያረጋግጠው የማሽኑን ቀን እያመሳከረ ነው፤ ዓመታት ወደ ኋላ ከቀረ ማሽን ጋር ሊተማመን አይችልም። ለካ አሥር ቀን ሙሉ የተሳሳተ ቦታ ስቆፍር ነበር። ያገኘችው ፊደል የማታውቀው ሴት ናት።

ከጎናችን ቅመም የሚሸጡ ሐጂ አሉ። እንደዚያች ያለ ባትሪ ያላቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ስነግራቸው ከትንሿ የኤሌክትሮኒክስ ሚዛናቸው ውስጥ ያለችውን አውጥተው ሰጡኝ። «ሌላ ሚዛን አለኝ» አሉ፤ «ወንድሟን አገናኛት።» ባትሪዋን ተክቼ ቀኑን አስተካከልኩ። ኮዱን ጻፍኩ። ክቧ ዞረች፤ ከዚያ አረንጓዴ ምልክት መጣ። ሴትዮዋ ፊቴን ነው ያየችው፤ ስክሪኑን አላየችም።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን ተቀመጥን። ምስሉ ሲመጣ ፀጉሩ ሸበት ያለ፣ ግንባሩ ላይ በኑዌር ወግ የተተለተሉ የወንድነት መስመሮች ያሉት ሰው ስክሪኑን ሞላው። እሱ በሁለት ጣቱ ቅንድቡን ነካ። እሷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የእህቷ ልጅ ቀስ ብላ «ስሟ መሆን አለበት» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እስከ ዛሬ በትክክል መናገር አልችልም። እጆቿ ተነሡ። ስምንት ዓመት መርፌ ውስጥ ክር ሲያስገቡ ያየኋቸው እጆች ናቸው፤ ግን አላወቅኋቸውም። ይፈጥናሉ፣ ይቆማሉ፣ ሰው ያስመስላሉ፣ ይቀልዳሉ። ትከሻዋ፣ ጉንጯ፣ ቅንድቧ ሁሉ ይናገራል። ወንድሟ ሳቀ፤ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ እስኪጋደም ሳቀ። ዝምተኛ ያልኳት ሴት ለካ ወሬኛ ናት፤ ሰው የምታስቅ፣ ነገር የምታሳምር ሴት ናት። ይህን ለማወቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነበር የሚያስፈልገው፤ እሱም ሠላሳ ዓመት ጠፍቶ ነበር። በዚያች ክፍል ውስጥ የሁለት ሰው ብቻ የሆነ አንድ ሙሉ ቋንቋ እየተነገረ ነበር፤ አንዲትም ቃል አልረሱም።

መሐል ላይ እሷ ወደ እኔ ዞራ ጉንጮቿን ነፍታ ከእጇ መዳፍ ላይ እንደ አቧራ እፍ አለች። ወንድምየው ማሽኑ ላይ በሰካሁት ትንሽ ድምፅ ማጉያ በኑዌርኛ ለእህቱ ልጅ ነገራት፤ እሷም ወደ አማርኛ መለሰችልኝ፦ «ይሄ ስምህ ነው። ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ነው የምትጠራህ። ማሽን ከመክፈትህ በፊት አቧራውን እፍ ትላለህ ትላለች።» ስምንት ዓመት ሙሉ ስም እንደነበረኝ አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ ማለት አማረኝ፤ እንዴት እንደሚባል አላውቅም። በእህቷ ልጅ በኩል ወንድምየውን ጠየቅሁት፤ አሳየኝ። መዳፌን ደረቴ ላይ አድርጌ ወደ እሷ ዘረጋሁት። አየችኝና ጣቶቼን ይዛ አስተካከለችልኝ፤ ተሳስቼ ኖሯል።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ይገናኛሉ። የእህቷ ልጅ ደብተር ይዛ ትመጣለች፤ አጎቷ አንድ ምልክት ሲያሳያት በኑዌርኛም በአማርኛም ትርጉሙን ትጽፋለች። ባለፈው ቅዳሜ ሳትጽፍ፣ አጎቷንም ሳትጠይቅ፣ አክስቷን በእጇ አንድ ነገር ጠየቀቻት። አክስትየውም ዞር ብላ መለሰችላት፤ ረጅም መልስ ነበር።