በልብ በኩል ያለ ኪስ

ልብስ ሰፊው ወርቁ፣ ከራጉኤል በታች ካለችው ሱቁ ሆኖ፣ ወደ እሱ የሚመጣው ሰው አዲስ የሕዝብ እንደራሴ መሆኑን ገና ከሩቅ ለየ። የለበሰው ተፈሪ ሱሪ በአቧራ ነጥቷል፤ ያልለመደው ጫማ ተረከዙን ልጦት ያነክሳል። ሰኞ ፓርላማው አዲስ ተመራጮችን ሲቀበል የሚለብሰው ኮት ሊያሰፋ ነው የመጣው።

ስለ ጨርቁም ስለ ቀለሙም አልጠየቀም። በሚስቱ መቀነት የታሰረ የወረቀት ጥቅል ከብብቱ አወጣ። በየአቤቱታው ግርጌ የአውራ ጣት አሻራ ተደርድሯል።

«የውስጥ ኪሱ ይህን ሁሉ ይያዝልኝ፤ በልቤ በኩል ይሁን» አለ። «መሬታቸውን የተነጠቁ ናቸው። ወንዝ ድረስ በእግራቸው ሸኝተውኛል።»

ወርቁ ደረቱን እየለካ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ኮት ሰረቅ አድርጎ አየው። ከአራት ዓመት በፊት ለሌላ እንደራሴ የሰፋው ነው፤ ትናንት «ነትቧል፣ ጨርቁን ገልብጠህ ስፋልኝ» ተብሎ መጣ። ሲተረትረው የውስጥ ኪሱ ውስጥ ያኔ ለዚያ እንደራሴ የተሰጡትን አቤቱታዎች እንደታጠፉ አገኛቸው።

«አደራ፣ ጠበቅ አድርገህ ስፋው» አለ አዲሱ እንደራሴ። «እንዳይወድቁብኝ።»

«አይወድቁም ጌታዬ» አለ ወርቁ ሜትሩን እየጠቀለለ። «በኪስ እንኳ አልታማም።»